ተቀጣሪ ወይስ በጉልበቱ የሚከፍል አባል?

በአሜሪካ የአባላት የአትክልት እርሻ እንደ ፈረንጆቹ በ1986 በማሳቹሴትስና በኒው ሃምፕሸር ተጀመረ። አባሉ ገና ዘር ሳይዘራ ይከፍላል፤ ምርቱ ሲደርስ በየሳምንቱ ድርሻውን ይወስዳል። ሥራውንስ ማን ይሥራው?

አንዳንዱ እርሻ በገንዘብ ፋንታ ጉልበት ይቀበላል። አባሉ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ያርማል፣ ይለቅማል። ደስ ይላል፤ ልጆቹም ካሮት ከአፈር ሲነቀል ያያሉ። ግን አረም ቀጠሮ አይጠብቅም። ለጋ ካሮትን ከአረም ለመለየትም ዓይን መልመድ አለበት፤ ጀማሪ ሁለቱንም አብሮ ይነቅላል።

ተቀጣሪው ሰላጣውን ፀሐይ ሳይበረታ ቆርጦ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይነክራል፤ አለዚያ ይጠወልጋል። ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ነው የሚውለው። እኔ እሱን አስቀድማለሁ፤ ከአባላቱ ክፍያ ላይ መጀመሪያ የእሱ ደሞዝ ይነሳ። አባሉ ቲማቲም በሚደርስበት የጥድፊያ ሳምንት ይምጣ።