ኤም1ኤ ወጣልኝ፦ የእናት መስመር ዲኤንኤ ቴስት ሪቪው

ሰላም ለሁላችሁ፣ እዚህ አሜሪካ ያለን ልጆች "የዲኤንኤ ቴስት የቱን ልግዛ" እያላችሁ ስትጠያየቁ ስለማይ ነው ይሄን የምጽፈው። ሪቪው የማረገው ግን ያንን ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ቴስት አይደለም፣ ይሄን ያህል ፐርሰንት ኢትዮጵያዊ ይሄን ያህል ሶማሌ እያለ ካርታ የሚቀባውን ማለቴ ነው፣ ስለሱ ብዙ ሰው ጽፏል። እኔ የገዛሁት ማይቶኮንድሪያን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያነበውን ነው፣ ማለትም ከእናት ወደ ልጅ ብቻ የሚወርደውን። የካምፓኒውን ስም አልጠራም፣ ቅር ያሉኝ ነገሮች ስላሉ።

ለምን ይሄን መረጥክ ለምትሉኝ፣ እኛ አገር የሰው ስም የሚሄደው በአባት ነው፣ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ። እኔ በአባቴ በኩል እስከ ሰባት ቤት መቁጠር እችላለሁ፣ በእናቴ በኩል ግን የሴቶቹን መስመር ይዛችሁ ወደላይ ስትወጡ አያቴ ጋ፣ ከዛ የአያቴ እናት ጋ፣ በቃ እዛው ያልቃል። እናቴን ስጠይቃት "እሷማ ከላስታ ነው የመጣች ሲሉ እሰማ ነበር" አለችኝ፣ ከዛ በላይ ስም እንኳን የለም። ያ ሁሉ ወልዶ ያሳደገ ሴት ስሙ ጠፍቷል፣ ይሄ ነገር በጣም ያሳዝነኛል፣ እና ስማቸውን ባላገኝም ከየት ከየት እንዳለፉ የሚናገር ነገር በሰውነቴ ውስጥ ካለ ማየት ፈለግኩ።

ነገሩ እንዴት እንደሚሰራ ባጭሩ። ማይቶኮንድሪያ ሴላችን ውስጥ ኃይል የሚያመነጨው ነገር ነው፣ የራሱ የሆነ ትንሽዬ ዲኤንኤ አለው፣ 16,569 ፊደል ብቻ፣ 37 ጂን። ልጅ ሴትም ሆነ ወንድ ይሄን የሚወስደው ከእናቱ ነው፣ ወንዱ ይዞት ይኖራል ግን ለልጁ አያወርደውም። ከአባት ጋር ስለማይደባለቅ ሳይለወጥ ይወርዳል፣ አልፎ አልፎ ግን አንድ ፊደል ትቀየራለች፣ ድሮ ጸሐፊ ብራና ሲገለብጥ አንዲት ፊደል ከሳተ ከሱ የሚገለበጡት ሁሉ ያቺን ስህተት ይዘው እንደሚሄዱት ማለት ነው። ሳይንቲስቶች እነዚህን የተቀየሩ ፊደሎች እያዩ የሰው ልጅን እናቶች በዛፍ ይደረድራሉ፣ እያንዳንዱ ትልቅ ቅርንጫፍ ሀፕሎግሩፕ ይባላል።

ስለዚህ ብር እንዳታባክኑ፦ የአንድ እናት ልጆች ከሆናችሁ አንዳችሁ ብቻ ብትገዙ ይበቃል፣ የሁላችሁም አንድ ነው። እናትን ከአዲስ አበባ ናሙና ላኪ እያሉ ማስቸገርም አያስፈልግም፣ የሷ እናንተ ጋ አለ። የአባታችሁን እናት መስመር ከፈለጋችሁ ግን እናንተ ብትሰጡ ዋጋ የለውም፣ አባታችሁ ወይ የአባታችሁ እህት ወይ የሷ ልጅ መስጠት አለበት።

ኪቱ ጥሩ ነው፣ ጉንጭን ከውስጥ የሚፈገፍጉበት ዘንግ አለው፣ ምራቅ መሙላት የለም፣ ለሽማግሌ ሰው ይሄ ቀላል ነው። ዋጋው ከ100 ዶላር ይበልጣል፣ ውጤቱም ሳምንታት ይፈጃል። ርካሾቹ ቴስቶች ላይም አንዳንዶቹ የእናት ሀፕሎግሩፕ ይሰጣሉ ግን የተወሰኑ ነጥቦችን ብቻ አይተው ስለሆነ ትልቁን ቅርንጫፍ ነግረዋችሁ ያቆማሉ፣ የአጎቴ ልጅ በእናቷ በኩል እንዲሁ ነው የሆነባት። አንዳንዶቹ ደግሞ ጭራሽ አይሰጡም፣ ከመክፈላችሁ በፊት ማረጋገጥ ነው።

የኔ ውጤት ኤም1ኤ ሆነ፣ ኤም1 ከሚባለው ሀፕሎግሩፕ የወጣ ቅርንጫፍ ማለት ነው። ውጤቱ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው የልዩነት ዝርዝር ነው፣ የተቀየሩት ፊደሎች በቁጥር። እዚህ ጋ አንድ ነገር እወቁ፣ "የተቀየረ" የሚሉት በ1981 ካምብሪጅ ላይ ከተነበበውና በ1999 ከታረመው አንድ ናሙና ጋር አስተያይተው ነው፣ እሱ ደግሞ አውሮፓ ውስጥ የሚበዛው የኤች ቅርንጫፍ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ ሲረዝም አትደንግጡ፣ ጉድለት አይደለም በሽታም አይደለም፣ ማነጻጸሪያው ከናንተ ራቅ ያለ ቅርንጫፍ ስለሆነ ነው። እኔ ዝርዝሩ ውስጥ 16249ን ፈልጌ አገኘሁት፣ ኤም1ን ከሚለዩት አንዱ ነው፣ ከዛ 16359ን፣ እሱ ኤም1ኤን የሚለየው። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም፣ ስሟን የማላውቃት አንዲት ሴት ላይ ከስንት ሺህ ዓመት በፊት የተቀየረች ፊደል እኔ ጋ ተቀምጣ አየኋት እኮ።

አሁን ቅር ወዳለኝ ልምጣ። የታሪክ ገጽ የሚሉት አለ፣ እዛ ላይ ከእስያ ተነስቶ ኢትዮጵያ የሚገባ አንድ ቀስት አለ፣ ከስሩ ሦስት መስመር ጽሑፍ፣ አለቀ። ይሄን ያህል ተከፍሎበት ይሄ አይበቃም፣ ምክንያቱም የኤም1 ነገር ሳይንቲስቶቹ እራሳቸው ሲከራከሩበት የኖሩ ነገር ነው። የሰው ልጅ እናቶች ዛፍ ስሩ አፍሪካ ነው፣ ኤል እየተባሉ ከሚጠሩት የአፍሪካ ቅርንጫፎች ውስጥ ኤል3 ከሚባለው ሁለት ትልልቅ ልጆች ወጡ፣ ኤም እና ኤን፣ ከአፍሪካ ውጪ ያለው የዓለም ሕዝብ ሁሉ መሠረቱ ከነዚህ ነው። ኤም ህንድና ምሥራቅ እስያ ሞልቷል፣ አፍሪካ ውስጥ ደግሞ ኤም1 የምትባለዋ ነች ያለችው፣ እሷም ዋናዋ እኛ ጋ። ኪንታና-ሙርሲ የሚባል ሳይንቲስትና ጓደኞቹ በ1999 ይሄን አይተው ኤም እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ ተወልዶ ነው ወደ እስያ የሄደው አሉ። ከዛ በ2006 ኦሊቪየሪና ቶሮኒ ያሉበት ቡድን ተቃራኒውን አመጣ፣ ኤም1 እና ዩ6 የተባለው ሌላ ቅርንጫፍ አንድ ላይ ከ40 እስከ 45 ሺህ ዓመት በፊት ከመካከለኛው ምሥራቅ ተመልሰው ወደ አፍሪካ ገቡ የሚል። በ2007 የወጣ ሌላ ጥናትም መመለሱን ደገፈ። በ2012 እነ ፔናሩን ደግሞ ቆይ አሉ፣ የኤም1 እና የዩ6 ታሪክ አንድ አይደለም፣ የተስፋፉበት ጊዜም ይለያያል፣ የ40 ሺህ ዓመቱን የጋራ ጉዞ ዳታው አይደግፈውም ብለው ጻፉ።

አሁን ብዙዎቹ የሚያዘነብሉት ተመልሶ መጣ ወደሚለው ነው፣ ምክንያታቸውም ሌሎቹ የኤም ቅርንጫፎች በሙሉ ማለት ይቻላል ከአፍሪካ ውጪ መሆናቸው ነው። እሺ፣ ግን በሲና በኩል ይምጣ ወይ ቀይ ባሕር ጠቦ እኛንና የመንን በሚያቀራርብበት በባብ ኤል መንደብ፣ በአንዴ ይምጣ በተለያየ ጊዜ፣ ይሄ ሁሉ ክርክር በአንድ ቀስት አይገለጽም። ደግሞ ቀስቷ ወደ ኢትዮጵያ ብቻ ነው የምትመጣው፣ ኤም1 ግን ኤም1ቢ የምትባል ሌላ ክንፍ አላት፣ እሷ የምትበዛው ወደ ሰሜን አፍሪካና ሜዲትራኒያን ዙሪያ ነው። በ2018 በወጣ ጥናት ሞሮኮ ውስጥ ታፎራልት ከሚባለው ዋሻ የ15 ሺህ ዓመት አጽሞች ዲኤንኤ ተነቦ አብዛኞቹ ዩ6 ሲሆኑ አንዱ ኤም1ቢ ሆነ። አስቡት፣ ከኔ እናት መስመር ጋር እህትማማች የሆነች መስመር በዛ ዘመን ሞሮኮ ነበረች፣ ካምፓኒው ግን አንድ ቃል አልጻፈም።

እድሜውን ደግሞ በደንብ ያዙልኝ፣ ምክንያቱም እኛ ሰዎች ይሄን ውጤት ይዘን የምንሟገትበት ነገር ያስጨንቀኛል። ኤም1 ከ20 ሺህ ዓመት በላይ ነው እድሜው። ያኔ አክሱም የለም፣ ግዕዝ የለም፣ የሚታረስ ጤፍ የለም፣ ንግሥተ ሳባም ሰሎሞንም የሉም። ስለዚህ ኤም1 ወጣልኝ ብሎ ይኸው ከእስራኤል መምጣታችን ተረጋገጠ የሚል ሰውም፣ ኤል ወጣለት ብሎ ሌላውን መጤ የሚል ሰውም ተሳስቷል። ኤም1 አማራ ጋ አለ፣ ትግሬ ጋ አለ፣ ኦሮሞ ጋ አለ፣ ሶማሌ ጋ አለ፣ ግብፅም አለ፣ የሰሜን አፍሪካ በርበሮችም ጋ አለ። ብሔር ከመፈጠሩ በፊት የነበረች ሴት ብሔር ልትሰጣችሁ አትችልም። አንድ ቤት ውስጥ እንኳን ባልና ሚስት ሁለቱም ጎንደሬ ሆነው አንዱ ኤም1 ሌላዋ ኤል3 ቢወጣላቸው የሚገርም አይደለም።

በ2004 የታተመው የነ ኪቪሲልድ ጥናት ይሄን ጥሩ አርጎ ያሳያል፣ የ270 ኢትዮጵያውያንና የ115 የመናውያን ማይቶኮንድሪያ ነው ያነበቡት፣ ሁለቱም ሕዝብ ጋ የአፍሪካዎቹ ኤሎች እና የኤምና ኤን ድርሻ እኩል ለእኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም።  ባብ ኤል መንደብ እኮ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ስፋቱ፣ ሰው በሁለቱም አቅጣጫ ሲሻገር ነው የኖረው። በሌላ በኩል ጋሞ ደጋ ላይ ሞታ ዋሻ ውስጥ በ2012 የተገኘውና ባይራ የተባለው የ4,500 ዓመት ሰው አለ፣ ዲኤንኤው በ2015 ሲታተም የእናቱ መስመር ኤል3ኤክስ2ኤ ነበር፣ ኤል3 እኮ የኤምም የኤንም እናት ነች። ይሄን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ አሳምሮ ጽፎ መስጠት የካምፓኒ ሥራ ነበር፣ እኔ ለብቻዬ እያነበብኩ ነው ያገጣጠምኩት።

ማች የሚሉት ክፍል፣ ማለትም ከናንተ ጋር አንድ አይነት የወጣላቸው ሰዎች ዝርዝር፣ አጭር ነው። ፊደል በፊደል እኩል የሆነ ሰው ቢመጣም የቅርብ ዘመድ ነው ማለት አይደለም፣ የጋራዋ እናት ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የነበረች ልትሆን ትችላለች፣ ዘመድ ፍለጋ ከሆነ መጀመሪያ ላይ ያልኩትን ፐርሰንት የሚሰጠውን ቴስት ግዙ። የኔ ዝርዝር ላይ ከኢትዮጵያና ኤርትራ ሌላ ሳውዲ ብለው የጻፉ ሰዎች አሉ። እነሱን ሳይ ብዙ አሰብኩ፣ ምክንያቱም በ2003 የታተመ የነ ሪቻርድስ ጥናት የመካከለኛው ምሥራቅ አረቦች ጋ ያለው የአፍሪካ ድርሻ በእናት በኩል በጣም እንደሚበዛ አሳይቷል፣ ትልቁ ምክንያትም የባሪያ ንግዱ ነው ብለው ነው ያሰቡት፣ ከኛ አካባቢ ቀይ ባሕርን አቋርጠው የተወሰዱት ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። የኔዎቹ ማቾች በዛ መንገድ ይሂዱ ወይ በድሮው ንግድና ጋብቻ ቴስቱ አይነግርም፣ ግን ተወስደው የቀሩት ሴቶች ማስታወሻ ካላቸው አንዱ ይሄ የልጅ ልጆቻቸው ደም ውስጥ ያለው ነው።

ስለ ዳታችሁ ሳልናገር አላልፍም። በ2023 ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ የሚባለው የዲኤንኤ ቴስት ካምፓኒ ላይ የደረሰው የዳታ ስርቆት 6.9 ሚሊዮን ሰው ነክቷል፣ በ2025 መጋቢት ደግሞ ያው ካምፓኒ ኪሳራ ውስጥ ገባ። ኢሜይላችሁን ሁለት ደረጃ ባለው መግቢያ ቆልፉ፣ ሪሰርች ላይ ይዋል የሚለውን አንብባችሁ ምረጡ። የምትሰጡት የናንተ ብቻ እንዳልሆነ አትርሱ፣ የእናታችሁም የእህቶቻችሁም ነው፣ ለነሱ ንገሯቸው።

ከአምስቱ ነጥብ አራቱን ሰጥቻለሁ። ንባቡ ራሱ እንከን የለውም፣ ፋይሉንም አውርዳችሁ መውሰድ ትችላላችሁ፣ አንዱን ነጥብ ያስቀነሳቸው የታሪክ ገጹ ነው፣ እሱንም ጽፌላቸው እናያለን ብለው መልሰዋል።

ኤም1 የወጣላችሁ ካላችሁ አንድ ልመና አለኝ። ፕሮፋይላችሁ ላይ "በእናት በኩል የምታውቋት የመጨረሻዋ ሴት ከየት ነች" የሚል ቦታ አለ፣ አብዛኞቻችን ባዶ እንተወዋለን ወይ ኢትዮጵያ ብለን እናልፋለን። እናቶቻችሁ በሕይወት እያሉ ደውላችሁ ጠይቁና ወረዳውን ጻፉ፣ እኔ ላስታ ብያለሁ፣ ከራያም ከጉራጌም ከሐረርም ከባሌም ሲሞላ ነው የኤም1ኤ ትንንሽ ቅርንጫፎች አገር ውስጥ እንዴት እንደተበተኑ መታየት የሚጀምረው።