ቡይክ ጂኤስ 455 በሐረጎ ዳገት ሲመዘን

ስለ አሮጌ የአሜሪካ ጉልበተኛ አውቶሞቢሎች ወሬ ሲነሣ ቀድመው የሚጠሩት ሙስታንግና ካማሮ ናቸው፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ ለሚመላለስ ሰው ግን እኔ የማስቀድመው ጥቂቶች ብቻ የሚያስታውሱትን የ1970 እ.ኤ.አ. ሞዴል ቡይክ ጂኤስ 455 ነው። ቡይክ የተረጋጉና ደኅና ገቢ ያላቸው ሰዎች የሚነዱት ጭምት መኪና በመባል ይታወቅ ስለነበር፣ ከኮፈኑ ሥር የነበረው ኃይል የሚገባውን ክብር ሳያገኝ ቀርቷል።

የቡይክ ባለቤት ጄኔራል ሞተርስ በመካከለኛ መኪኖቹ ላይ ጥሎት የነበረውን የ400 ኪዩቢክ ኢንች የሞተር መጠን ገደብ ለ1970 ሞዴል ሲያነሣ፣ ቡይክ 7.5 ሊትር የሚሆነውን ባለ 455 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ለጂኤስ ገጠመለት። ፋብሪካው ያስታወቀው 350 የፈረስ ጉልበት፣ ስቴጅ 1 ለተባለው ይበልጥ ለተጠናከረው አማራጭ ደግሞ 360 ብቻ ነበር። የዚያው ዓመት ሸቭሮሌ ሸቬል ኤልኤስ6 450 ስለነበረው በወረቀት ላይ ቡይክን በሩቅ ይበልጠዋል። ዳገት ላይ ግን ወሳኙ ቶርክ፣ ማለትም ሞተሩ የሚያዞርበት የመጠምዘዝ ኃይል ነው፤ ቡይክ ወደ 690 ኒውተን ሜትር የሚጠጋውን ከፍተኛ ቶርኩን በደቂቃ በ2,800 ዙር ሲሰጥ፣ ሸቬል ከዚያ በጥቂቱ ያነሰውን የሚያገኘው 3,600 ዙር ሲደርስ ነው። በጠባብ መታጠፊያ ከተጫነ ተሳቢ ኋላ ለቀረ ሾፌር ይህ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትርን ስለምታልፍ፣ አየሩ በመሳሳቱ ማንኛውም ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ካርቡራተሩም ለቆላ አየር እንደተስተካከለ ከቀረ ነዳጅ ያበዛል፣ ካንዴላው በጥቀርሻ ይጠቁራል። ከጠቅላላ አቅሙ ሩቡ ሲቀነስ እንኳ ለቡይክ የሚተርፈው ብዙ ነው። የ10 ለ 1 እመቃው (በሲሊንደር ውስጥ የአየርና የነዳጅ ድብልቅ የሚታመቅበት መጠን) ጥሩ ቤንዚን የሚጠይቅ ቢሆንም ሞተሩ በከፍታ ላይ የመንኳኳት ዝንባሌው፣ ማለትም ድብልቁ ያለአግባብ መፈንዳቱ፣ ይቀንሳል፤ በባቲ በኩል ወደ ቆላማው ሚሌ ለሚወርድ ግን የእሳት ሰዓቱን፣ ማለትም ካንዴላው የሚተኩስበትን ቅጽበት፣ ማስተካከል ግድ ይሆናል።

የምነቅፈው ፍሬኑን ነው። መደበኛው ጂኤስ በአራቱም ጎማ የታምቡር ፍሬን ይዞ ይመጣ ነበር፣ የፊት ዲስክ የሚገኘው ተጨማሪ ተከፍሎበት ነው። ከደሴ ቁልቁል ሲወረድ ታምቡር ሙቀቱን ቶሎ ስለማያስወጣ ሸራው ይግልና መያዝ ያቅተዋል፤ ለዚህ መንገድ የፊት ዲስክ የሌለውን ፈጽሞ አልመክርም። የዘይት ፓምፑም ከሞተሩ ፊት ለፊት ባለው የአሉሚኒየም ክዳን ውስጥ የተሠራ በመሆኑ ክዳኑ ሲበላ የዘይት ግፊት ይወርዳል፤ መኪናውን የሚመረምር መካኒክ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ይህን ሳያይ ፈቃዱን መስጠት የለበትም።

ምርጫ ለሚያገኝ ሰው የፊት ዲስኩን ከፋብሪካ ይዞ የወጣው ጂኤስኤክስ የተባለው የጂኤስ ልዩ ዓይነት ይሻላል፤ በ1970 ግን የተሠራው 678 ብቻ ስለሆነ ዋጋው የሰብሳቢዎች ነው። በ1971 እመቃው ዝቅ ስለተደረገ ጉልበቱም አብሮ ወርዷል፤ ስለዚህ ዲስክ የተገጠመለት የ1970ው ተራ ጂኤስ 455 የእኔ ምርጫ ነው።