በማዝዳ አርኤክስ-8 የሐረጎን ዳገት ሳትወጡ ቀብድ አትስጡ

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ መኪና እያፈላለጋችሁ ያላችሁ ወገኖች፣ «አርኤክስ-8 በጥሩ ዋጋ ተገኝቷል» ከተባላችሁ ቀብዱን ያዝ አድርጉት። በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ስለተከለከለ በደላላ እጅ የሚዞረው ቀድሞ የገባ ነው። አርኤክስ-8 የተመረተው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2012 ነው፤ ትንሹም ከአሥር ዓመት በላይ አስቆጥሯል። ቦዲው እንደ አዲስ እያብረቀረቀ ሞተሩ ያለቀ ሊሆን ይችላል።

ይህን የምንለው መኪናውን ለማጥላላት አይደለም። የአርኤክስ-8 ሞተር ሮታሪ (በሚዞሩ ክፍሎች የሚሠራ) ነው፤ ፒስተን የለው፣ ቫልቭ የለው፣ የሚበጠስ የታይሚንግ ቺንጋ የለው፤ ሁለት ባለሦስት ማዕዘን ሮተሮች ሞላላ ቤት ውስጥ ይዞራሉ። ትንሽና ቀላል ስለሆነ ወደ ኋላ ገፋ ብሎ ተቀምጧል፤ የመኪናው ክብደት ለፊትና ለኋላ ጎማ እኩል ይከፈላል። ባለ ስድስት ማርሹ በደቂቃ እስከ 9,000 ዙር ያለ ንዝረት ይጮኻል። ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ1991 በፈረንሳይዋ ለ ማን ከተማ የ24 ሰዓቱን የመኪና ውድድር ያሸነፈው በሮታሪ ሞተር ነው። ኩርባ ላይ እንደ እሱ የሚታዘዝ መኪና ማግኘት ከባድ ነው። ሻጭ ግን እዚህ ላይ ያቆማል፤ ቀሪውን እኛ እንንገራችሁ።

መጀመሪያ የምትሰሙት «1.3 ነው፣ ነዳጅ አይበላም» የሚለውን ነው። 1,308 ሲሲ መሆኑ እውነት ነው፤ ነዳጅ አይበላም ማለት ግን ፍጹም ስሕተት ነው። እያንዳንዱ ሮተር ዋናው ዘንግ በዞረ ቁጥር አንድ ጊዜ ያቃጥላል፤ የፒስተን ሞተር ግን ያንኑ ለማድረግ ሁለት ዙር ይፈጅበታል። ስለዚህ የሚስበው አየርና ነዳጅ የ2.6 ሊትር ሞተር ያህል ነው። ከተማ ውስጥ በ100 ኪሎ ሜትር ከ14 እስከ 15 ሊትር ቤንዚን አስቡ። ጉልበቱም ያለው ከፍተኛ ዙር ላይ ነው፤ ከፍተኛው የመጠምዘዝ ኃይል፣ 211 ኒውተን ሜትር፣ የሚገኘው 5,500 ዙር ላይ ነው። በደሴ ከፍታ፣ 2,500 ሜትር ገደማ፣ አየሩ ስለሚሳሳ ሩብ ያህሉ ይቀነሳል፤ 231 የፈረስ ጉልበት የተባለው ወደ 170 ይወርዳል። ከፒያሳ ሽቅብ ስትወጡ በዝቅተኛ ዙር አይጎትትም።

ሁለተኛው «ዘይት አይጎድልበትም» የሚለው ነው። ይህ መኪና ዘይት መብላት አለበት። በሮተሩ ሦስት ጫፎች ላይ ያሉት አፔክስ ሲሎች፣ የፒስተን ፋሻን ሥራ የሚሠሩት፣ የሚለሰልሱት ሞተሩ ከራሱ ቋት እየመጠነ በሚረጨው ዘይት ነው። ጨርሶ የማይቀንስ ከሆነ መርጫው ተደፍኗል ወይም ፓምፑ አይሠራም፤ ሲሎቹም በደረቁ ቤቱን እየፋቁ ነው። ጤነኛውን የያዘ ሰው በየሁለተኛው ነዳጅ መሙያ ዘይት ይለካል። ሻጩን «መጨረሻ ዘይት የጨመርከው መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱ ብዙ ይነግራችኋል።

ሲሎቹን ከሚጨርሱት ውስጥ ኮይል፣ ለካንዴላ እሳት የሚሰጠው፣ ዋነኛው ነው። አራት ኮይልና አራት ካንዴላ አለው። ኮይል ሲደክም ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ካታሊስቱ (የጭስ ማውጫው ማጣሪያ) ይሄዳል፣ ካታሊስቱ ይግላል፣ ይደፈናል፤ መውጫ ያጣው ሙቀት ሞተሩ ላይ ይመለሳል። ካንዴላዎቹ ሁለት ዓይነት መሆናቸውንም ልብ በሉ፤ ሲቀያየሩ ሞተሩ ይንተፋተፋል። የራዲያተር ውኃ ከጎደለና አንዴ ክፉኛ ከጋለ ደግሞ በብረቱና በአልሙኒየሙ ክፍሎች መካከል ያለው የውኃ ማሸጊያ ይሄዳል። ምልክቱ የውኃ መጉደል፣ ነጭ ጭስ፣ በራዲያተሩ ውስጥ የሚፈላ አረፋ ነው።

የደሴ ብርድና አጭር ጉዞም አይስማማውም። በቀዝቃዛ ሞተር ከግቢ አውጥቶ ወዲያው ማጥፋት በቤንዚን ያሰጥመዋል፤ ከዚያ አይነሳም። ከሰጠመ ቤንዚን መስጫውን እስከ ታች ረግጣችሁ ሞተሪኖውን ለአሥር ሰከንድ ያህል አስመቱ፤ እንዲያ ሲረገጥ መርጫዎቹ ነዳጅ ያቆማሉ። ካልሆነ ካንዴላ አውጥቶ ማድረቅ ነው።

አሁን ወደ ሙከራው። ሻጭ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቃችሁ ቀጠሮውን ለሌላ ቀን አዛውሩ፤ ኮፈኑን በእጃችሁ ዳስሱ፣ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። «እስከ ኮምቦልቻ ደርሰን እንምጣ» ብሎ ቁልቁለቱን ብቻ አስነድቶ እዚያው ሊያፈራርማችሁ ይችላል። በቁልቁለት ያለቀ ሞተርም ይሄዳል። ከኮምቦልቻ ተነስታችሁ ሐረጎን ሽቅብ ውጡ፣ የሙቀት መለኪያውን እያያችሁ። ደሴ ስትደርሱ አጥፉት፣ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፣ አስነሱት። ጤነኛው ወዲያው ይነሳል። አምስት ሰከንድና ከዚያ በላይ እየዞረ ካስቸገረ፣ ወይም «ሲሞቅ ጠባዩ ነው» ከተባላችሁ፣ ኮምፕሬሽኑ (ሞተሩ አየርን አምቆ የመያዝ አቅሙ) ሳያልቅ አይቀርም።

ቀጥሎ ልኬት ነው። ተራው የፒስተን ኮምፕሬሽን መለኪያ ከሮተሩ ሦስት ጎኖች የተሻለውን ብቻ ስለሚይዝ ያሳስታል። መካኒኩ የመለኪያውን ቫልቭ ያውጣውና የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝና ኮይሎቹን ነቅሎ፣ ከእያንዳንዱ ሮተር አንድ ካንዴላ አውጥቶ ያስመታው። መርፌው ሦስት እኩል ዝላይ ማሳየት አለበት። ዝላዮቹ እኩል ካልሆኑ ከማሸጊያ ሲሎቹ የተጎዳ አለ ማለት ነው። ቁጥር የሚያወጣ የሮታሪ መለኪያ ከተገኘ፣ ማዝዳ በደቂቃ 250 ዙር ላይ ለጤነኛው 8.3 ባር (የግፊት መለኪያ ነው)፣ ለዝቅተኛው 6.8 ባር አስቀምጧል። ይህ ግን በባሕር ወለል ነው፤ ስናሰላው ደሴ ላይ ወደ 6.1 እና 5፣ ኮምቦልቻ ላይ ወደ 6.6 እና 5.4 ይሆናል። ከዚህ በታች የሆነን «ከፍታው ነው» ብሎ የሚያሳልፈውን አትመኑ። በአንድ ሮተር ጎኖች መካከል ከ1.5 ባር በላይ ልዩነትም በከፍታ አይሳበብም።

«ሞተሩ ታድሷል» ከተባለ የወጡትን አሮጌ ሲሎችና የዕቃውን ደረሰኝ ጠይቁ። የሮተሩ ቤት ውስጡ በክሮም የተለበጠ ነው፤ እንደ ሲሊንደር ቦርቡሮ ማስፋት አይቻልም። በተፋቀ ቤት ላይ አዲስ ሲሎች መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው፤ ብዙ ሳይሄድ ተመልሶ ይወርዳል። ሌላ የፒስተን ሞተር የተገጠመለት ከሆነ የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ፤ ካልተስማማ ስም ማዞሩም ቦሎውም ራስ ምታት ነው።

ሻጩ የሙቅ አነሳሱንና ልኬቱን ካልፈቀደ፣ ሞተር የሌለው መኪና አድርጋችሁ ዋጋ ስጡት ወይም ተዉት። ከፈቀደም ቀብድ የምትሰጡት «ኮምፕሬሽኑ ተለክቶ ከዚህ በታች ከሆነ ቀብዱ ሙሉ ለሙሉ ይመለሳል» የሚል ቃል ከነቁጥሩ ውሉ ላይ ሰፍሮ፣ ምስክሮች ሲፈርሙበት ብቻ ይሁን።