ለድሬና ለሐረር ሞተረኛ የትኛው ሥልጠና ያዋጣል? የአማራጮች ንጽጽር

መንጃ ፈቃድ ካወጣ ቆየት ያለ ሞተረኛ «ተጨማሪ ሥልጠና ብትወስድ» ሲሉት መልሱ በድሬዳዋ ሰፈሮች ከከዚራ እስከ ሳቢያን አንድ ነው፦ «እኔን? ስንት ዓመት የነዳሁትን!» ዓመት ግን ችሎታን አይመሰክርም። በ1981 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የአሜሪካና የስዊድን ተማሪዎች የመንዳት ችሎታቸውን ከሌሎች ጋር እንዲያነጻጽሩ ተጠይቀው ነበር። ከአሜሪካውያኑ 93 በመቶ፣ ከስዊድናውያኑ 69 በመቶ የሚሆኑት ራሳቸውን ከመካከለኛው በላይ አስቀመጡ። ሒሳቡ እንደማይገጥም ግልጽ ነው፤ እኛም ብንጠየቅ ከአሜሪካውያኑ የምናንስ አይመስለኝም። የጎደለዎትን ሳያውቁ የሚገዙት ሥልጠና ብዙውን ጊዜ የሚያውቁትን ነገር ደግሞ ያስተምርዎታል። ስለዚህ መጀመሪያ ራስዎን ይለኩ።

መለኪያው

ባለቤቱ የፈቀደው ሰፊ የአስፋልት ግቢ፣ ጠመኔ፣ የግንበኛ ሜትርና ባዶ የውኃ ፕላስቲኮች ይበቃሉ። ድሬ ላይ የሚመቸው ማለዳ ነው፤ ከምሳ በኋላ ከተማው በርጫ ላይ ሲቀመጥ መንገዱ ጭር ቢልም ሙቀቱ ሄልሜት ያስወልቃል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየነዱ የጠመኔው መስመር ላይ ሲደርሱ ፍሬን ይያዙና እስከቆሙበት ያለውን ይለኩ። አስፋልቱ ደረቅ፣ ጎማው ደህና ከሆነ፣ ሁለቱን ፍሬን አስተባብሮ የሚይዝ ሰው 5 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። የኋላውን ብቻ የሚረግጥ ግን 10 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ልዩነቱ ሁለት ባጃጅ ተከታትለው የሚቆሙበት ቦታ ያህል ነው። ፍጥነቱ ወደ 60 ሲያድግ ደግሞ ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል።

ብዙ ሞተረኛ «ይገለብጣል» እያለ የፊት ፍሬኑን ይሸሻል። ጣጣው የሚመጣው በድንጋጤ በአንድ ጊዜ ሲጨመቅ ነው። በሁለት ጣት ለስለስ አድርገው ይጀምሩ፤ ሞተሩ ከፊቱ ዝቅ ሲል ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ መሄዱ እጅዎ ላይ ይሰማዎታል። ማጥበቅ የሚቻለው ከዚያ በኋላ ነው፤ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራውም ይኸው የፊት ፍሬን ነው።

ቀጥሎ በ6 ሜትር ስፋት ውስጥ እግር ሳያወርዱ ዞረው ይመለሱ። ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዘው፣ የኋላ ፍሬኑን በትንሹ ነክተው፣ ዓይንዎን ወደሚሄዱበት አቅጣጫ ካዞሩ ይሆናል። ዓይንዎ የፊት ጎማው ላይ ከቀረ እግርዎ ይወርዳል። ሦስተኛውን ፈተና ከድሬ ወደ ሐረር የሚያወጣው ጠመዝማዛ ዳገት፣ ደንገጎ፣ ራሱ ይፈትንዎታል፦ በኩርባ መሐል ስንት ጊዜ ፍሬን ያዙ? የመሐል መስመሩንስ ስንት ጊዜ ነኩ?

አማራጮቹ

የመጀመሪያው መንጃ ፈቃድ በሚሰጥበት ማሰልጠኛ ተጨማሪ ሰዓት መግዛት ነው። ቦታ አለው፣ የሚወድቀው ሞተርም የራስዎ አይደለም። ነገር ግን የሚያስተምረው ፈተና ማለፍን ነው፤ ፈተናውን አልፈዋል። ዞረው መመለስ ያቃተው ሰው ጥቂት ሰዓት ቢገዛ አይጸጸትም። ለሌላው አልመክርም።

ሁለተኛው በጓደኛ መማር ነው፤ ነጻ ነው፣ አገሩ ሁሉ የተማረውም እንዲሁ ነው። በሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 የሞተር ሳይክል አደጋዎችን መርምሮ በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ጥናት ግን አደጋ ከደረሰባቸው ሞተረኞች 92 በመቶው ራሳቸውን ያስተማሩ ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ የተማሩ መሆናቸውን አግኝቷል። አደጋውን ለመሸሽ የነበራቸው ጊዜም አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ሰከንድ በታች ነበር። በ2 ሰከንድ ውስጥ አዲስ ነገር የሚያስብ የለም፤ እጅ የለመደውን ይሠራል። ጓደኛዎ ያስለመደዎት የኋላ ፍሬን ብቻ ከሆነ፣ ባጃጁ ተሳፋሪ አይቶ ድንገት ሲጠመዘዝ የሚረግጡት እሱኑ ነው። ጓደኛን ለሜትር ያዥነትና ለተመልካችነት ይጋብዙት፤ ለዚህ ከማንም ይሻላል።

ሦስተኛው የውጭ ቪዲዮና መጽሐፍ ነው። ርካሽ ነው፣ ጥሩውም ጥሩ ነው፤ የብሪታንያውን ሲከተሉ ግን ይጠንቀቁ። እነሱ በግራ ይነዳሉ፤ እኛ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀኝ ነን። የብሪታንያ አስተማሪ በቀኝ ኩርባ ላይ አርቆ ለማየት ወደ ግራ ሲጠጋ የሚጠጋው ወደ መንገዱ ዳር ነው። እርስዎ ደንገጎ ላይ ያንኑ ቢያደርጉ የሚጠጉት ወደ መሐል መስመሩ ነው፤ ኩርባውን ቆርጦ የሚወርደው አይሱዙም የሚመጣው በዚያው በኩል ነው። እዚህ ጥቂት እይታ ተሠውቶ ፍጥነት ይቀነሳል። ቪዲዮ ይህን አይነግርዎትም፣ ሲሳሳቱም አያይዎትም።

አራተኛው ልምድ ያለው ሰው በግል ቀጥሮ በሚነዱበት መንገድ ላይ ከኋላ እንዲከተልዎ ማድረግ ነው። ገንዘብ ላወጣ ሰው እኔ የማስቀድመው ይህንን ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የተቋቋመው የላቁ አሽከርካሪዎች ኢንስቲትዩትም የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ ተመልካቹ ከኋላ ይከተላል፣ ቆም ተብሎ ያየው ይነገራል። ከድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ 2,000 ሜትር ገደማ ወደሆነው የሐረማያ ደጋ የሚወጣው መንገድ ኩርባ፣ ቁልቁለት፣ አህያና የጫት መኪና በአንድ ላይ ስለሚያቀርብ ሌላ መማሪያ ቦታ መፈለግ አያሻም።

ችግሩ ሰው መምረጡ ላይ ነው፤ ብዙ ዓመት የነዳ ሁሉ አያስተምርም። ከመዋዋልዎ በፊት ይጠይቁት፦ ሞተር በፍጥነት ላይ እያለ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ምን ሲደረግ ነው? የመሪውን ቀኝ እጀታ ወደ ፊት በትንሹ መግፋት መሆኑን ካላወቀ፣ በልማድ ቢያደርገውም ሊያስረዳዎ አይችልም። ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቶ የሚወርድ ከሆነም ይተዉት። ጎማ ማንሳትና ጎማ ማንሸራተት አስተምራለሁ የሚለውን ደግሞ ሰላም ብለው ይለፉት። ኖርዌይ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የመኪና አሽከርካሪዎችን በሚያንሸራትት መንገድ ላይ አሠልጥና ስታበቃ የወጣት ወንዶቹ አደጋ ጨምሮ ተገኝቷል፤ ከችሎታቸው ይልቅ ድፍረታቸው አድጎ ነበር።

ለማን የትኛው?

በጀጎል ቅጥር ውስጥና በሐረር ዳገቶች የሚንቀሳቀስ ሰው የሚያስፈልገው ዝግ ያለ ፍጥነት ላይ ያለ ሚዛንና ዳገት ላይ ቆሞ መነሳት ነው፤ ጓደኛ፣ ፕላስቲክና ግቢ ይበቁታል። ከዚራና መጋላ መካከል ውሎ የሚገባ ከሁሉ በፊት ፍሬኑን ያስተካክል። ዝናብ በዘነበ ማግስት ጎርፍ አስፋልቱ ላይ ጥሎት የሚሄደው አሸዋ ላይ የፊት ፍሬን እንደ ሌላው ጊዜ እንደማይያዝም ይወቅ። በድሬና በሐረር መካከል የሚመላለስ ግን ለአራተኛው አማራጭ ይክፈል።

ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነና ሄልሜትዎ የተሰነጠቀ ወይም ማሰሪያው የላላ ከሆነ፣ ንጽጽሩን እዚህ ይተዉና ሄልሜት ይግዙ። የተለያዩ ጥናቶችን አሰባስቦ የገመገመ ሥራ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አግኝቷል። ይህን ያህል ለውጥ የሚሸጥልዎ አሰልጣኝ አላውቅም።

ከአሰልጣኝ ጋር የመንገድ ቀጠሮ ሲይዙ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የሚውሉበትን ሰሞን ይዝለሉ። የቁልቢ ተጓዥ የደንገጎን መንገድ ይሞላዋል፤ በዚያ ግፊያ ውስጥ ተመልካችዎ ሊያይዎት ቀርቶ ሊከተልዎትም አይችልም።