ኬንያና አልጄሪያ፦ መሬት ወይስ ድምፅ?

ጅማ ላይ በጓሮው ሁለት እግር ቡና የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ በረካው ላይ ደርሰን ወሬው ወደ ቅኝ ግዛት ሲዞር፣ የኬንያን ነገር ለጓደኞቼ የማስረዳው በቡና ነው። እንግሊዞች ለሙን ደጋ ለነጭ ሰፋሪ ከለሉት፤ ጥቁሩ ገበሬ ለአሥርት ዓመታት ለገበያ የሚሆን ቡና እንዳይተክል ታገደ። አስቡት እስቲ፤ በአያትህ መሬት ላይ የሰው ቡና እየለቀምክ፣ አንተ አንዲት ችግኝ መትከል አትችልም! ማው ማው የተባለውን የትጥቅ አመፅ የወለደው ይህ ቁጭት ነው። በኦክቶበር 1952 እ.ኤ.አ. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የነፃነት ታጋዩ ጆሞ ኬንያታ ሲታሰር ነገሩ ባሰ። የአመፁ እምብርት የሆነው የኪኩዩ ሕዝብም ለሁለት ተከፈለ፤ ገሚሱ ጫካ ገባ፣ ገሚሱ ከመንግሥት ጎን ታጠቀ።

አልጄሪያም በፈረንሳይ መሬቷን ተነጥቃለች። እሳቱን ያባባሰው ግን በእኔ እምነት የተሰረቀው የምርጫ ድምፅ ነው። የ1947ቱ (እ.ኤ.አ.) የፈረንሳይ ሕግ 120 መቀመጫ ያለውን የአልጄሪያ ምክር ቤት እኩል ከፈለው፦ 60 አንድ ሚሊዮን ለማይሞሉት አውሮፓውያንና ለጥቂት ሙስሊሞች፣ 60 ለቀሩት ሚሊዮኖች። ያችም አልተረፈችም፤ የ1948ቱ ምርጫ ተጭበረበረ። በ1945 በሴቲፍ ከተማ ፈረንሳዮች ያፈሰሱት የአልጄሪያውያን ደም ገና አልደረቀም ነበር። ኖቬምበር 1 ቀን 1954 የነፃነት ጦርነቱ ተጀመረ።

ሁለቱን ሳስተያይ የአልጄሪያው ይከብደኛል። ለንደን በኬንያ ያሏትን ጥቂት አሥር ሺህ ሰፋሪዎች ማስከፋት ትችል ነበር። ፓሪስ ግን አልቻለችም፤ በሜይ 1958 የአልጀርስ ሰፋሪዎችና የጦር መኮንኖች ባነሱት አመፅ አራተኛው ሪፐብሊክ የተባለው የፈረንሳይ ሥርዓተ መንግሥት ራሱ ፈረሰ።