የጥንቱ ሆሊውድ በፍላሽ፦ የትኛው ይጫን፣ የትኛው ይቅር

ጎንደር ፒያሳ ወርዶ ፊልም የሚያስጭን ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው አዲሱን ነው። የጥንቱን የሚጠይቅም አይጠፋም፤ ግን ማታ ቤቱ ገብቶ ከፍቶት ሃያ ደቂቃ ሳይሞላው ይዘጋዋል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፊልሙ ሳይሆን የቅጂው፣ የቴሌቪዥኑና የትርጉሙ ነው። ደግሞ ዐይናችንን የምናሳርፍበት ቦታም አለ። የዚያን ዘመን ተዋናይ በንግግሩ ብቻ የሚመዝን ሰው ምርጡን ያልፈዋል። ጥሩዎቹ የሚታወቁት ሌላው ሲናገር እነሱ ሲሰሙ ነው፤ እዚህ የተነሡት ፊልሞች በሙሉ በዚህ ሚዛን ነው የተመዘኑት። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።

መጀመሪያ የሚጫነው «ካዛብላንካ» ነው (1942፣ 102 ደቂቃ፣ ዳይሬክተር ማይክል ከርቲዝ)። ጎንደር ላይ ሆኖ ለሚያየው ደግሞ የራሱ ጣዕም አለው። የፖሊስ አዛዡ ሬኖ የምሽት ክበቡን ባለቤት የሪክን የኋላ ታሪክ ሲቆጥርለት፣ በ1935 ለኢትዮጵያ መሣሪያ በድብቅ ማሻገሩን፣ በ1936 ደግሞ ስፔን ሄዶ ፋሽስቶችን መውጋቱን ያነሣበታል። የአንድ ትንፋሽ ንግግር ናት፤ የሚተረጉመው ሰው ከቸኮለ ትዘለላለች። እሷ ከተዘለለች ግን «ለማንም ብዬ ራሴን አደጋ ላይ አልጥልም» የሚለው ሰውዬ እውነት ደንታ ቢስ ይመስላል፣ ፊልሙም መሠረቱ ይናዳል። እንግዲህ አስቡት፦ ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ፊልሙ ኒው ዮርክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ኅዳር 17 ቀን 1935 ዓ.ም.፣ ድፍን ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው።

ሪክን የሚጫወተውን ሃምፍሪ ቦጋርትን ማየት ያለባችሁ የጀርመን መኮንኖች ሲዘፍኑና ሌላው ሰው በፈረንሳይ ብሔራዊ መዝሙር ሲመልስላቸው ነው። ሙዚቀኞቹ ፈቃድ ፍለጋ ወደ ሪክ ይዞራሉ። እሱ አንዲት ቃል አይወጣውም፤ አንገቱን ትንሽ ነቅነቅ ያደርጋል፣ በቃ። ሙሉ ሰውዬው ያለው እዚያች ንቅናቄ ውስጥ ነው። ከሚዘምሩት መካከል ብዙዎቹ ከናዚ ሸሽተው አሜሪካ የገቡ አውሮፓውያን ስለነበሩ ፊታቸው ላይ ያለው እንባ የትወና ብቻ አይደለም። ኢንግሪድ በርግማን ደግሞ የድሮውን ዘፈን ስትሰማ ካሜራው ፊቷ ላይ ይቆማል፤ ምንም ሳታደርግ ያለፈ ዘመን ሁሉ ይታይባታል። ዘፈኑን የሚዘፍነው ዱሊ ዊልሰን በሙያው ከበሮ መቺ ነበር፤ ድምፁ የራሱ፣ ፒያኖው ግን የሌላ ሰው ነው። ድክመቱንም አንሸፍን፦ የበርግማንን ባል የሚጫወተው ፖል ሄንሪድ ግትር ነው፤ በርግማን ሁለቱን ወንዶች ለመምረጥ የምትቸገርበትን ምክንያት ከእሱ ገጽ ላይ ማግኘት ያስቸግራል።

አሁን ወደ ቴሌቪዥኑ። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የሆሊውድ ፊልም ቅርጹ ወደ አራት ማዕዘን የቀረበ ነው፤ ወርዱ 4 ቢሆን ቁመቱ 3 ገደማ። የዛሬው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን 16 በ9 ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ምስል ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ መታየት አለበት። ብዙ ቤት ይህ እንደ ብልሽት ተቆጥሮ በሪሞት ይለጠጣል፤ ያን ጊዜ የሰው ፊት በሲሶ ይሰፋል፣ በርግማንም ያበጠች ትመስላለች። በ«ዙም» ቢሞላ ደግሞ የምስሉ ሩብ ከላይና ከታች ይቆረጣል፤ ባርኔጣና እጅ አብረው ይሄዳሉ። የስክሪን ቅርጽ የሚለውን ምርጫ «ኦሪጂናል» ወይም «4፡3» ላይ አድርጋችሁ ተዉት። ቀለም የተቀባ ቅጂ ከተሰጣችሁም መልሱት። ብርሃኑ የተተከለው ለጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀለሙ ሲጨመር የፊት ጥላ ጭቃ ይሆናል።

የግርጌ ጽሑፉ ፋይል ከፊልሙ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ፣ ስሙም ከፊልሙ ስም ጋር ፊደል ሳይዛነፍ አንድ መሆን አለበት፤ አለዚያ ቴሌቪዥኑ አያነሣውም። የአማርኛ ጽሑፍ በባዶ ሳጥን ከመጣ ቴሌቪዥኑ የግዕዝ ፊደል የለውም ማለት ነው፤ በላፕቶፕ ከፍቶ በኤችዲኤምአይ ገመድ ማገናኘት ይሻላል። ጽሑፉ ከንግግሩ ከቀደመ ወይም ከዘገየ፣ ልዩነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት መሆኑን እዩ። አንድ ዓይነት ከሆነ በቪኤልሲ (የኮምፒውተር ፊልም ማጫወቻ) «ጂ» እና «ኤች» ቁልፎች በትንሽ በትንሹ ይስተካከላል። እየሄደ የሚሰፋ ከሆነ ግን ጽሑፉ የተሠራው በሌላ ፍጥነት ለሚሄድ ቅጂ ነው። «ካዛብላንካ» ፍላሻችሁ ላይ 98 ደቂቃ ካለ፣ አልተቆረጠም፤ በሴኮንድ 25 ምስል እንዲሄድ የተፋጠነ ነው። ለዚያ የሚሆነው በዚያው ፍጥነት የተዘጋጀ ጽሑፍ ብቻ ነው።

«ትዌልቭ አንግሪ ሜን» (1957፣ 96 ደቂቃ፣ ሲድኒ ሉሜት) ለእኛ አገር ተመልካች አንድ ማብራሪያ ይፈልጋል። እዚህ የሚፈርደው ዳኛ ነው፤ እዚያ ግን ከሕዝብ የተመረጡ 12 ሰዎች ክፍል ተዘግቶባቸው «ጥፋተኛ ነው» ወይም «አይደለም» ይላሉ፣ ያውም ሁሉም በአንድ ድምፅ። ይህን ሳይነግሩ ፊልሙን ለቤተሰብ መክፈት ግማሹን መንጠቅ ነው። ከነገሩ በኋላ ግን ሽምግልና ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ማን ቸኩሎ እንደሚፈርድ፣ ማን የራሱን የቤት ቁስል ይዞ እንደመጣ ያውቀዋል።

ሉሜት ካሜራውን ሲጀምር ከዐይን ከፍታ በላይ ያደርገዋል፣ መሐል ላይ ከዐይን ጋር ያስተካክለዋል፣ መጨረሻ ላይ ዝቅ ያደርገዋል፤ ሌንሱንም እያረዘመ ይሄዳል። ክፍሉ አልጠበበም፤ ግን ግድግዳው ወደ ሰዎቹ የቀረበ ይመስላል፣ ጣሪያውም መታየት ይጀምራል። ለሄንሪ ፎንዳ የሚሰጠው ሙገሳ ተገቢ ነው፤ ሆኖም የፊልሙ ምርጥ ትወና የኢ.ጂ. ማርሻል ነው ባይ ነኝ። መነጽር ያደረገው፣ ኮቱን የማያወልቀው፣ «እኔ አያልበኝም» የሚለው ሰው ነው። ፎንዳ «ያየኸውን ፊልም ርዕስና የተዋናዮቹን ስም አስታውስ» እያለ ሲያፋጥጠው፣ መልሱ እየተሳሳተ ይሄድና ግንባሩ ላይ ላብ ብቅ ይላል። መሐረብ አውጥቶ ይጠርገዋል። ድምፁ ግን አይለወጥም። ሊ ጄ. ኮብ በአንጻሩ ጩኸቱን ያበዛዋል፤ የልጁን ፎቶ የሚቀድበት ቅጽበት ባይኖር ኖሮ ይከብድ ነበር።

ማርሎን ብራንዶ በ«ኦን ዘ ዋተርፍሮንት» (1954፣ 108 ደቂቃ) ሁሉም የሚጠቅስለት የታክሲው ውስጥ ንግግሩን ነው። ከንግግሩ በፊት ያለውን ተመልከቱ። ወንድሙ ሽጉጥ ሲያወጣበት አይደነግጥም፣ አይቆጣም፤ የታመመን ሰው እጅ እንደሚይዝ አድርጎ ሽጉጡን በቀስታ ገፋ ያደርገዋል። ያዘነው ለወንድሙ ነው። መናፈሻው ውስጥ ደግሞ የኢቫ ማሪ ሴይንትን የወደቀ ጓንት አንሥቶ፣ ሳይመልስላት ዥዋዥዌው ላይ ተቀምጦ የራሱ እጅ ላይ ያጠልቀዋል። ልትሄድ ፈልጋ መሄድ አቃታት፤ ጓንቷ እሱ ዘንድ ነዋ! ስለ ፍቅር አንድም ቃል አልተነገረም።

የታክሲው ወንድም ሮድ ስታይገር ነው። እሱን «ኢን ዘ ሂት ኦፍ ዘ ናይት» (1967) ላይ ማስቲካ የሚያኝክ የፖሊስ አዛዥ ሆኖ እንደገና ታገኙታላችሁ፤ ማኘኩ ሲቆም ማሰብ ጀምሯል ማለት ነው። ለዚህ ሥራው ኦስካር ወስዷል። አጠገቡ ጥቁር መርማሪ ፖሊስ ሆኖ ፊልሙን የተሸከመው ሲድኒ ፖይቲየ ግን በእጩነት እንኳን አልቀረበም፤ ይህ እስከዛሬ የሚያናድድ ፍርድ ነው። ነጩ ባለርስት በጥፊ ሲለው ፖይቲየ ሳይዘገይ በጥፊ ይመልሳል። ትልቁ ነገር የሚመጣው ከዚያ ቀጥሎ ባለው ጸጥታ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ እዩት።

«ሪር ዊንዶው» (1954) በትርጉም ፊልም አይታይም፤ ይህ ምርጫ አይደለም፣ ፊልሙ ራሱ አይፈቅድም። ጄምስ ስቱዋርት እግሩ በጀሶ ታስሮ በመስኮት የጎረቤቶቹን ኑሮ ያያል፣ ይሰማል። የሩቅ ሙዚቃው፣ የሰፈሩ ሁካታ፣ ጭቅጭቁ ሁሉ ታሪኩን የሚነግሩት እነሱ ናቸው። ተራኪ ድምፁን ከላይ ሲጭንበት ሌላ ፊልም ይሆናል።

«ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» (1939) አራት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ የመጀመሪያው አጋማሽ ይበቃል። ባርነትን የሚያሳምርበት መንገድ ያስቀይማል፣ ይህን አለባብሶ ማለፍ አይገባም። ሁለተኛውን አጋማሽ ለመክፈት ያለው ምክንያት ሃቲ ማክዳንኤል ናት። በቤቱ የደረሰውን ሐዘን ለኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ እየነገረች፣ እያለቀሰች ደረጃውን የምትወጣበት ትዕይንት ከዋናዎቹ ተዋናዮች ሥራ ሁሉ ይበልጣል። ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ በሽልማቱ ምሽት፣ በ1940፣ ከፊልሙ ባልደረቦች ተለይታ ሌላ ጠረጴዛ ነበር ያስቀመጧት።

«ቤን ሁር» (1959፣ 212 ደቂቃ) ለሠረገላው ውድድር ሲባል ይጫን። ቻርልተን ሄስተን ከአገጩና ከደረቱ በቀር ብዙ የሚሰጠው የለም፤ ጠላቱን የሚጫወተው ስቲቨን ቦይድ ይበልጠዋል። ምስሉ እጅግ ሰፊ ስለሆነ ከስክሪኑ ሲሶው የሚበልጠው ከላይና ከታች ጥቁር ይሆናል፤ ትክክለኛው እሱ ነው። ጥራት ያለው ቅጂ ከ4 ጊጋ ስለሚያልፍ በፋት 32 የተዘጋጀ ፍላሽ አይቀበለውም። ፍላሹ ባዶ ቦታ እያለው «አይበቃም» ካለ ችግሩ ይኸው ነው፤ በኤክስፋት ፎርማት አድርጉት፣ ግን አስቀድማችሁ ቴሌቪዥናችሁ እንደሚያነበው አረጋግጡ።

ከአያት እስከ ሕፃን ለተሰበሰበበት ቤት ግን «ሲቲ ላይትስ» ነው (1931፣ 87 ደቂቃ)። ድምፅ አልባ ፊልም ስለሆነ በመሐል የሚመጡትን ጥቂት የጽሑፍ ገጾች አንድ ሰው ጮክ ብሎ ቢተረጉም ይበቃል። ቻርሊ ቻፕሊን ከዐይነ ስውሯ አበባ ሻጭ ጋር የሚገናኙበትን ትዕይንት ከ300 ጊዜ በላይ ቀርጾታል፤ ለመጨረሻው ደቂቃ ሲባል ነው የለፋው። ልጅቱ ዐይኗ በርቷል፣ ያሳከማትን ሰው መልክ ግን አታውቅም። ለዚህ ቡትቶ ለባሽ አዝና ሳንቲም ልትሰጠው እጁን ትይዘዋለች። ጣቶቿ ይቆማሉ። መዳፉን ትዳብሳለች፣ ክንዱን፣ ኮቱን። ያወቀችው በእጇ ነው፤ እሱ ደግሞ አበባዋን ወደ አፉ አስጠግቶ፣ ፈርቶም ደስ ብሎትም፣ ምን እንደምትለው ይጠብቃል።