የመሪነት ሬዚደንሲው፦ ደመወዙ ደህና ነው፣ ፊርማው ግን የማን ነው?

ቶሮንቶ ውስጥ በቴአትርና በፌስቲቫል ሥራ ብዙ ዓመት የቆዩ፣ ጥቁርና ሌሎች ነጭ ያልሆኑ ባለሙያዎችን ለአንድ የቴአትር ወቅት ትልቅ ተቋም አስገብቶ አመራር የሚያለማምድ ሬዚደንሲ እንዳለ ሰምታችሁ ይሆናል። አንዱን ጨርሼ ወጥቻለሁ። ገንዘብ የሰጠውንም ሆነ የተቀበለኝን ቴአትር ቤት ስም አልጠራም፤ የማነሳው ቅሬታ የእነሱ ብቻ አይደለምና። ሌላ ቦታ የገቡ ጓደኞቼም ስንገናኝ የሚያወሩት ይህንኑ ነው። ከአምስት ኮከብ ሦስት እሰጠዋለሁ። ሁለቱ ለገንዘቡ አሠራር፣ አንዱ ለስብሰባዎቹ ነው።

ከገንዘቡ ልጀምር። ገንዘብ ሰጪው ለሬዚደንቱ በቀጥታ አይከፍልም። ለተቋሙ ይሰጣል፣ ተቋሙ ደግሞ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ በደመወዝ ይቀጥራል። ውሉ ሲደርሰኝ የግብር ወረቀቴን የሚሠሩልኝ አንድ ጋሼ አሉ፣ ደወልኩላቸው። ገና ሬዚደንሲ ስል አቋረጡኝና «ልጄ፣ ይሄ ነገር ደመወዝ ነው ወይስ ግራንት?» አሉኝ፤ ግራንት ማለት ለሥራ ተብሎ የሚሰጥ የማይመለስ ድጋፍ ነው። ደመወዝ መሆኑን ስነግራቸው «እንኳን ደስ ያለሽ!» አሉ። ደስታቸው ለቴአትሩ እንዳልሆነ ገብቶኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግራንት በቀጥታ ለሰው ሲሰጥ ቲ ፎር ኤ የሚባለው፣ የተከፈለውን ገንዘብ ለግብር የሚያሳይ ወረቀት ይመጣል፤ ግብር ቀድሞ አይቆረጥም፣ ሚያዝያ 30 በአውሮፓ አቆጣጠር ሲደርስ ግን ዕዳው ይጠብቃል። ገቢው እንደ ግል ሥራ ከተቆጠረ ለጡረታው፣ ለሲፒፒ ማለቴ ነው፣ የሠራተኛውንም የአሠሪውንም ድርሻ ራስ መክፈል አለ፤ ሁለቱ ሲደመሩ 11.9 በመቶ። በደመወዝ ሲሆን ግማሹን አሠሪው ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለሥራ አጥነት መድን የሚቆጠር ሰዓት ይጠራቀማል። ሬዚደንሲ ማለቂያው የታወቀ ሥራ ነው፤ ሲያልቅ ኪራይ አያልቅም። ፍሪላንስ ሲሠራ የኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ይህን ያሰበበት ሰው ገንዘብ ሰጪው ቤት ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ማን እንደሆነ ባውቅ ቡና እጋብዘው ነበር።

ማመልከቻው የተለመደው ነው። የሥራ ታሪክ፣ የተቋሙ ደብዳቤ፣ ምን መማር እንደሚፈለግ ገጽ ተኩል። የሚገመግሙት የሙያ ባልደረቦች ናቸው። ብዙ አያስጨንቅም።

ዋናው ጥቅም ያለው በሩ ተዘግቶ በሚካሄዱት ስብሰባዎች ነው። ስንት ዓመት ትዕይንት ሳዘጋጅ ስኖር ገንዘብ «የለም» ሲባል የሰማሁት ከበሩ ውጭ ሆኜ ነው። የቦርዱ የፋይናንስ ኮሚቴ ውስጥ ስቀመጥ «የለም» የሚለው ቃል ከየት እንደሚወጣ አየሁ። ለአንድ ፕሮጀክት ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ ለሌላ ነገር አይነካም፤ ስለዚህ ባንክ ውስጥ ጥሩ ገንዘብ ተቀምጦ ለሚቀጥለው ወር ደመወዝ መጨነቅ ይቻላል። የመጪው ወቅት ቲኬት ቀድሞ ሲሸጥ ደግሞ ገንዘቡ ገቢ ይመስላል፤ ትዕይንቱ እስኪታይ ድረስ ግን በሒሳቡ ዕዳ ነው። ብዙ ቤቶች የሚንገዳገዱት ያንን ገንዘብ ለዘንድሮ ወጪ በልተውት የሚመጣው ዓመት ሽያጭ ሲቀንስ ነው። ይህን በሥልጠና ስላይድ ሳይሆን ጄኔራል ማናጀሯ የትኛውን ትዕይንት እንደምታጥፍ ስትወስን አጠገቧ ተቀምጬ ነው ያየሁት። ለዚህ ብቻ ሲባል እንኳ መግባቱ አያስቆጭም።

አሁን ወደ ቅሬታው።

ይህ ፕሮግራም ለጀማሪ አይደለም፤ ማስታወቂያው ራሱ የሙያቸው አጋማሽ ላይ ያሉ ሰዎችን ነው የሚጠራው። የገባነው ፌስቲቫል ያቋቋምን፣ ሰው ቀጥረን ያሰናበትን፣ ከማዘጋጃ ቤት ጋር ስለ መንገድ መዝጊያ ፈቃድ የተከራከርን ሰዎች ነን። ቴአትር ቤቱ የተቀበለኝ ግን እንደ ተለማማጅ ነው። በሁሉም ስብሰባ እጋበዛለሁ፣ በየትኛውም አልወስንም። ኢሜይሎች ላይ ስሜ አለ፣ ቼክ ላይ የለም። የብዝኃነት ኮሚቴ ግን ገና ጠረጴዛዬን ሳላገኝ ተመደብኩበት፤ እንዲያውም ሰብሳቢ ሆንኩ። በዚህ በኩል ሥልጣን ሞልቷል! ከዚያ «ማኅበረሰብሽን ብታመጪልን» የሚለው ጥያቄ መጣ። ማኅበረሰቤ አርባ አምስት ዶላር ቲኬት ገዝቶ ያልመጣበትን ምክንያት እኔ እንዳብራራ፣ የቲኬቱን ዋጋ ግን እንዳልነካ።

መኪና ነጂ አጠገብ ተቀምጦ መንዳት አይለመድም። ወቅቱ አጋማሽ ላይ ሲደርስ አርቲስቲክ ዳይሬክተሩን ለብቻው አግኝቼ አንድ የበጀት መስመር እንዲሰጠኝ ጠየቅሁ፤ ትንሽም ብትሆን፣ ግን ሌላ ሰው ሳያጸድቅ የማዝዝባት። አመነታ። ገንዘብ ሰጪው ይፈቅድ እንደሆነ ልጠይቅ አለ። ስንጠይቅ የሚከለክል ነገር የለም፤ ለካ እስካሁን የጠየቀ ሬዚደንት አልነበረም። በመጨረሻ አዳዲስ ተውኔቶች በንባብ የሚቀርቡባቸው ጥቂት ምሽቶች የእኔ ሆኑ።

ያን ጊዜ ነው ትምህርቱ የጀመረው። ተዋንያኑ የካናዳ ተዋንያን ማኅበር፣ የኢኩቲ አባላት ስለሆኑ ክፍያቸው በስምምነት የተወሰነ ነው፤ በውለታ አይሠራም። ያቀድኳቸውን ጽሑፎች በሙሉ ላቅርብ ብል ብሩ አይበቃም። ሁለት ምርጫ ነበረኝ፦ ከተውኔቶቹ መቀነስ፣ ወይም ብዙ ገጸ ባሕርይ ያላቸውን ትቶ ሁለት ሦስት ሰው የሚጫወታቸውን መውሰድ። ሁለተኛው ቀላል ይመስላል። ግን ከቀረቡልኝ ውስጥ ብዙ ሰው የሚፈልጉት የወጣቶቹ፣ ቤተሰብ ሙሉ መድረክ ላይ የሚያወጡት፣ የእኛ ቤት ዓይነት ታሪኮች ነበሩ። በጀት ይዞ «እኔ ክፍት ነኝ» ማለት ምን ያህል ባዶ እንደሆነ እዚያ ላይ ተሰማኝ። ቁጥሩን ቀነስኩና ትልልቆቹን ያዝኩ። አንዷን ጸሐፊ ደውዬ «ዘንድሮ አልሆነም» አልኳት። ያ ስልክ ከየትኛውም ስብሰባ በላይ አስተምሮኛል፤ ከገንዘብ ሰጪው የሥልጠና ዝርዝር ውስጥ ግን አልነበረም።

ለምን እንዲህ ያለ ፕሮግራም አስፈለገ የሚል አይጠፋም። በ2021 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) የካናዳ ሕዝብ ቆጠራ ነጭም የአገሬው ቀደምት ተወላጅም ካልሆኑ ወገኖች የሆነው ሕዝብ 26.5 በመቶ ነበር፤ በቶሮንቶ ከተማ 55.7 በመቶ። ከከተማው ነዋሪ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። የካናዳ የኪነ ጥበባት ካውንስል የተቋቋመው በ1957 ነው፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የሕዝብ ገንዘብ እየወሰዱ ያደጉት ትልልቅ ቤቶች አናታቸው ላይ ማንን እንዳስቀመጡ በየሎቢው የተሰቀለውን የቀድሞ ዳይሬክተሮች ፎቶ አይቶ መፍረድ ይቻላል። ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ወይኒ መንገሻ በ2018 የቶሮንቶው ትልቅ ቴአትር ቤት የሶልፔፐር አርቲስቲክ ዳይሬክተር ትሆናለች ሲባል የእኛ ሰው ቴአትር ገብቶ የማያውቀው ሳይቀር ወሬውን አነሳው። ደስ ብሎኝ ነበር። ግን የአንድ ሰው ሹመት እንደ በዓል የሚቆጠረው ነገሩ ብርቅ ስለሆነ ነው።

በዚህ ላይ አንድ የግል አቋም አለኝ፣ ብዙ ሰው አይስማማበትም። ሬዚደንቱ የግድ ትልቅ ቤት ለምን ይገባል? ሞንትሪያል ያለው ብላክ ቲያትር ወርክሾፕ ከ1972 ጀምሮ፣ እዚሁ ቶሮንቶ ያለው ኦብሲዲያን ከ2000 ጀምሮ ጥቁር ባለሙያዎችን ሲያፈሩ ኖረዋል፤ የሌላው ቤት መሰላል አልደርስ ሲል የራሳቸውን ሠርተው። ሬዚደንሲው ግን በትልልቆቹ ላይ ያተኩራል፤ ምክንያቱ ትልቅ ቤት ብዙ ያስተምራል የሚል ነው። እኔ እንዳየሁት ትንሽ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ዳር ቆሞ ማየት አይችልም፤ እጅ ስለሚያጥር ሥራው ራሱ ይጎትተዋል። በዚያ ላይ የሬዚደንቱ ደመወዝ ለትንሽ ቤት አንድ ሙሉ ሠራተኛ ነው።

ለመጪው ዙር የምታስቡ ካላችሁ ተቋሙን ከመምረጣችሁ በፊት ገመናውን እዩት። አብዛኞቹ ቴአትር ቤቶች የተመዘገቡ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ስለሆኑ የበጀት ዓመታቸው ባለቀ በስድስት ወር ውስጥ ቲ 3010 የሚባል ቅጽ ለካናዳ ገቢዎች ማስገባት ግዴታቸው ነው። ድረ ገጹ ላይ ማንም ገብቶ ያየዋል። ገቢና ወጪው አለ፣ የቦርዱ አባላት ስም አለ፣ ከፍተኛ ደመወዝ የሚከፈላቸው የሥራ መደቦች በየትኛው የክፍያ እርከን ላይ እንዳሉ ሳይቀር አለ። የጥቂት ዓመታቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና ዕዳው እየጨመረ ከሆነ ጠይቁ፤ እየሰመጠ ያለ ቤት ሬዚደንት የሚፈልገው ሌላ ሰው የሚከፍለው ሠራተኛ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ቀደም ብሎ እዚያ የነበረ ሬዚደንት ካለም ፈልጋችሁ ደውሉ። የት ደረሰ? ቀጠሩት? ወይስ አመሰገኑት?

እኔን አመስግነውኛል፤ ኬክም ነበር። ከዚያ በሳምንት ሁለት ቀን የሚሠራ ውል አቀረቡልኝ፣ ሥራው እንደገና ማኅበረሰብ ማምጣት። አልተቀበልኩም። አሁን ያለሁት ሦስት ሰው ብቻ ያለበት ኩባንያ ውስጥ ነው፤ ቼኩን እኔ ነኝ የምፈርመው፣ ብዙ ጊዜ የምፈርምበት ነገር ባይኖርም።

ገንዘብ ሰጪው የመጨረሻ ሪፖርት ሲጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ረዘም አድርጌ ጻፍኩ፦ ለተቋሙ ከሚሰጠው ገንዘብ ላይ ድርሻ ተቆርጦ በሬዚደንቱ ፊርማ ብቻ የሚወጣ ይሁን፣ ይህም ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ። መልስ አልመጣም። እስኪመጣ ድረስ እናንተው ከተቋሙ ጋር በምትፈርሙት ደብዳቤ ውስጥ አስገቡት፤ መጠኑ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ለምን ሥራ። «በሂደት እናየዋለን» ካሏችሁ ማመልከቻው ከመዘጋቱ በፊት ሌላ ቤት ለመፈለግ ጊዜ አላችሁ።